ጨዋው በር

አንድ በር ሠሪ ነበር። ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል፤ የሚወዱት ሁሉ ግን ጋሽ ቢያድጌ ይሉታል፤ የማይወደውም ሰው አልነበረም። በሠራው በር የገባና የወጣ ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክርለታል፦ የጋሽ ቢያድጌ በር አይጮህም። ሲከፈት እንደ ማንኛውም ጥሩ በር ቶሎ ይከፈታል፤ ሲዘጋ ግን ረጋ፣ ዘግየት፣ ለስለስ ብሎ ነው። «እንግዳ ገና ከመውጣቱ በሩን ከኋላው ድርግም ማድረግ “እንኳን ሄድክልኝ” ማለት ነው» ይል ነበር። ይህን ከአባቱ ተማረ፤ አባቱም ከአባቱ። ሦስት ትውልድ ሙሉ በዚያ ቤት በር የወረወረ ሰው የለም።

በዚያው አገር፣ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ፣ ንጉሡ ያሠራው የብርሃን ቤት ነበር። እዚያ የምትሠራው ሊቋ አምሳለ ናት። ሊቋ አየሩ ተጠርጎ በወጣበት የመስታወት ማሰሮ ውስጥ አርባ አቶሞችን አንጠልጥላለች። በዓይን አይታዩም፣ በእጅ አይነኩም፤ ጠባያቸው ደግሞ ጉድ ነው። በእኛ ዓለም መልስ ወይ አዎ ነው ወይ አይደለም፤ እነዚህ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይይዛሉ። «ብላ» ሲሉት «በልቻለሁ» የሚለውን እንግዳ አስቡት፤ መልሱ እሺም ነው እምቢም ነው፤ አጥብቀው እስኪይዙት ድረስ የትኛው እንደሆነ ራሱም አያውቀውም። ሊቃውንት ይህን ጠባይ ኳንተም ይሉታል። አርባው አቶሞች እንዲህ ሆነው አንድ ላይ ሲያስቡ፣ ሰው ሺህ ዓመት ቁጭ ብሎ የማይፈታውን ስሌት ይፈታሉ። ነገር ግን የሚሰሙት ብርሃንን ብቻ ነው፤ ያውም በልክ ሲከፈትላቸውና ሲዘጋላቸው። በዚያ ላይ ዝንጉዎች ናቸው። ዓይን ተርገብግቦ ሳይከደን የተነገራቸውን ይረሱታል።

ንጉሡ ከእነዚህ አቶሞች የሚፈልገው አንድ መልስ ነበረው። በአገሩ ስንዴ ላይ ዋግ ገብቷል። በየዓመቱ ስንዴው ሊያሸት ሲል ቅጠሉ እንደ ዛገ ብረት ይቀላል፤ ገበሬውም ገለባ አጭዶ ይገባል። ዋጉን የሚገድል፣ ስንዴውን የማይገድል መድኃኒት ምን ከምን ጋር ቢዋሐድ እንደሚገኝ ሰው አንድ በአንድ ልሞክር ቢል ዕድሜ አይበቃውም። ሊቋ «አቶሞቼ ይነግሩናል» ብላ ሠላሳ ዓመት ለፋች። ብርሃኑን የምትከፍትበትና የምትዘጋበት ዕቃ ግን አንዱ ብቻውን ቁም ሣጥን ያህላል፤ ቀርፋፋም ነው። አዳራሹ ውስጥ የገባው ስምንት ብቻ ነው። ስምንተኛው ቃሉን እስኪያደርስ የመጀመሪያው አቶም ሁሉንም ረስቶ ቁጭ ይላል። ንጉሡ ታገሠ፣ ታገሠና በመጨረሻ ቀን ቆረጠ። «እስከ ዘር ጊዜ ነው» አለ። «መልሱ ከመጣ መጣ። ካልመጣ የብርሃን ቤቱ ይዘጋና ጎተራ ይሆናል፤ ለተረፈችን ለዚያች ስንዴ።»

ሊቋ ከኮረብታው ወርዳ ወደ ጋሽ ቢያድጌ መጣች።

«አርባ በር ይሥሩልኝ» አለችው።

«ምን ገዶኝ! ለየትኛው ቤት ነው?»

«ለብርሃን ነው። አርባውም እዚህ ላይ መግባት አለባቸው» አለችና የትንሽ ጣቷን ጥፍር አሳየችው።

ጋሽ ቢያድጌ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ጥፍሯን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ መለኪያውን ከኪሱ አወጣና «እስቲ ልኩን ልውሰድ» አለ።

ሦስት ወር በብርሃን ቤቱ ውስጥ ከሊቋ ሠራተኞች ጋር ተቀመጠ። ከመስታወት በጠራ ስስ ድንጋይ ላይ ከፀጉር የቀጠነ መንገድ ተቀረጸ። ብርሃኑ በመንገዱ ሲመጣ ለሁለት ይከፈላል፤ ጥቂት ሄዶ እንደገና ይገናኛል። የሁለቱ እርምጃ ከገጠመ ብርሃኑ ያልፋል፤ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ከአንዱ መንገድ ዳር ኤሌክትሪክ ነካ ሲደረግ ደግሞ እርምጃው ይዛነፍና ሁለቱ ተጠፋፍተው ይቀራሉ፤ በሩ ተዘጋ። ማጠፊያ የለው፣ መቀርቀሪያ የለው! ጋሽ ቢያድጌ ነገሩ የገባው ዕለት ከደስታው ብዛት ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ሳማቸው። አርባውን በር ጥፍር በምታክል ቺፕ ላይ ደረደራቸው። አከፋፈታቸውን ሲለካ ዓይን አንዴ ተርገብግባ እስክትከደን አንዱ በር ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ሊከፈት ይችላል። አዘጋጋቸውን ግን በአባቱ ደንብ አደረገው፦ ረጋ፣ ዘግየት፣ ለስለስ። እንዲህ አድርግ ያለው ማንም የለም። እጁ ለምዶት ነው።

የሙከራው ቀን ደረሰ። ሊቋ አቶሞቹን ልትፈትናቸው መልሱን ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ጥያቄ ጠየቀች፤ «ሦስት ጊዜ አምስት ስንት ነው?» አርባው በሮች በብርሃን ቃሉን አደረሱ። መልስ መጣ፦ ዘጠኝ። እንደገና ጠየቀች፦ ሃያ ሁለት። በሦስተኛው አሥራ ሰባት ሲመጣ አንዱ ሠራተኛ «እየቀረቡ ነው» ብሎ ሊያጽናና ሞከረ፤ በአራተኛው ዜሮ መጣ።

ሥራውን እንዲመለከት የተላከ የንጉሡ ባለሟል እዚያው ቆሞ ነበር። «ብርሃኑ አንሷል፤ ጨምሩበት» አለ። ከተሾመ ጀምሮ ለሁሉም ነገር መድኃኒቱ ጨምሩበት ነው። ጨመሩበት፤ ባሰ። መብራት ሠሪውን ጠረጠሩት፤ ምንም አላገኙበትም። ማሰሮውን ፈትሸው ዘጉት፤ ምንም የለም። ጋሽ ቢያድጌን ሲጠይቁት «በሮቼ ፈጣን ናቸው፣ እናንተው ለኩ» ይላል፤ ሲለኩት አከፋፈቱ እውነትም ፈጣን ነው። አዘጋጉን የለካ ግን አንድም ሰው አልነበረም። በር ሲመረቅ ሰው ሁሉ የሚያየው ሲከፈት ነው። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ሳምንታት አለፉ፤ ለዘር ጊዜ አሥራ ሁለት ቀን ቀረ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሊቋ ወደ ጋሽ ቢያድጌ ቤት መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። የጋሽ ቢያድጌ ሚስት ወይዘሮ ውዲቱ ምሳ አቀረበች፤ ሊቋ ሁለት ጊዜ ቆርሳ ተወችው። ነገሩንም አልሸፋፈነችም።

«ጋሽ ቢያድጌ፣ ነገ ሄጄ ለንጉሡ አልሆነም ልላቸው ነው። አስረክቢ ከማለታቸው በፊት ቤቱን እኔው ላስረክብ።»

ጋሽ ቢያድጌ አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ለሳምንታት እንቅልፍ ነስቶት ነበር። የሴትዮዋ የሠላሳ ዓመት ልፋት በእሱ እጅ ሥራ ላይ መጥቶ ሲሰበር ማየት አንጀቱን በላው። «ልክ ነዎት፣ እትዬ አምሳለ። ሳይዋረዱ መውጣትም ክብር ነው» አለ። ተስማሙ፤ ነገሩ ተቆረጠ። ሊቋ ተነሣች።

እንግዲህ የዚያን አገር ልማድ ታውቁታላችሁ፤ የእናንተም ነውና። እንግዳ ሲነሣ ባለቤቶቹ እስከ በር ይሸኙታል፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ወሬው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሊቋ አንድ እግሯን ከደጅ አንድ እግሯን ከውስጥ አድርጋ ቆመች።

«እንዲያው ግን፣ ነገ ከሚሆን ማክሰኞ ባደርገውስ?» አለች።

«ማክሰኞ ጥሩ ነው» አለ ጋሽ ቢያድጌ። «ግን እንዲሁ ከሚሄዱ አስቀድመው ደብዳቤ ቢጽፉላቸውስ?»

«ደብዳቤማ እንደ ፍርሃት ይቆጠርብኛል። ግን ባለሟሉ ቢነግርልኝስ?»

«እሱማ “ጨምሩበት” ነው የሚለው!»

ሳቁ። እግር ቀየሩ። ስለ ባለሟሉ አጎት ተወራ፤ ስለ ዝናቡ መዘግየት ተወራ። ጥላው ከግድግዳው ወርዶ መንገዱን ያዘ። ሊቋ በመጨረሻ ተሰናብታ ስትዞር ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ፣ ደብዳቤ ይሁን ቃል፣ ሦስቱም አያውቁም ነበር።

ወይዘሮ ውዲቱ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ጉድ እኮ ናችሁ! ማዕድ ላይ የቆረጣችሁትን በር ላይ ፈታችሁት። ነገር መቼም የሚበላሸው በር ላይ ነው። የልጃችንን የሠርግ ቀን ሽማግሌዎቹ ቆርጠው ከተነሡ በኋላ በር ላይ አይደል ሦስቴ የቀየርነው?»

ጋሽ ቢያድጌ ሊስቅ አፉን እንደከፈተ ቀረ። መዳፉ በሩ ላይ ነው። በሩ ረጋ፣ ዘግየት እያለ ሊዘጋ ነው፤ በክፍተቱ በኩል ሊቋ ከደጅ ሆና አሁንም እየተናገረች ነው።

«እትዬ አምሳለ!» ብሎ ጮኸ። «ብርሃኑ በር ላይ እያወራ ነው!»

«ምን አሉኝ?»

«ያልኩትን ነው! ብርሃኑ ቃሉን ተናግሮ ጨርሷል። የእኔ በር ግን ቶሎ አይዘጋም፣ ዘግየት ይላል። ዘግየት ባለ ቁጥር ብርሃን ይሾልካል። አቶሙ “ሦስት” የሚለውን ከሰማ በኋላ የበር ላይ ወሬ ይጨመርለታል። ታዲያ ምስኪኑ የቱን ይያዝ?»

ሊቋ ተመልሳ መጣች። «ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ነውር ነው ብዬ።»

«ምኑ ነው ነውሩ?»

«በር መወርወር ነዋ!»

ሊቋ አየችው። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ በስንፍና የመጣ ስሕተት አይታለች፣ በትዕቢት የመጣም አይታለች፤ በጨዋነት የመጣ ስሕተት ግን ገጥሟት አያውቅም። ሳቋ አመለጣትና ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከተቆረጠ ተስፋ በኋላ የሚመጣ ሳቅ እንዲህ ነው፤ ከልቅሶው አይለይም። ሲበርድላት እጁን ያዘችው።

«ጋሽ ቢያድጌ፣ እንግዳዎን እስከ መንገዱ ጫፍ ይሸኙ፤ ማን ይከለክልዎታል? አቶም ግን እንግዳ አይደለም። “ጨረስኩ” ሲባል መስማት አለበት። እሱ ይህን የሚሰማው በሩ ሲዘጋ ነው።»

ሥራው በማግሥቱ ተጀመረ። ኤሌክትሪኩ ሲነሣ በሩ ቶሎ እንደሚከፈት ሁሉ፣ ሲዘጋም ኤሌክትሪኩ በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ እንዲነካው ማድረግ ነው፤ ለሠራተኞቹ ይህ አልከበዳቸውም። የከበደው የጋሽ ቢያድጌ እጅ ነው። ልኩን ሊያስተካክል በነካው ቁጥር እጁ በልማዱ ማለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ ጆሮውንም እጁንም ሊያስለምድ ከሥራ መልስ ቤቱ እየገባ በር ይወረውር ጀመር። የጓዳውን በር ድርግም፣ የመኝታ ቤቱን ድርግም፣ የቁም ሣጥኑን ድርግም። ዶሮዎቹ ግቢውን ለቀው ጎረቤት አደሩ። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ከተፍ አሉ።

«ቢያድግልኝ፣ አርባ ዓመት ተከባብራችሁ ኖራችሁ። አሁን በስተርጅና ምን አገኛችሁ?»

የወይዘሮ ውዲቱ ሳቅ እስከ ገበያው ተሰማ። «አባቶቼ፣ አልተጣላንም። መዝጋት እየተማረ ነው» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ነገሩ አልገባቸውም፤ ግን ከመጡ አይቀር ብለው አስታርቀዋቸው፣ መርቀዋቸው ተነሡ። ጋሽ ቢያድጌም እስከ መንገዱ ጫፍ ሸኛቸው።

ለዘር ጊዜ ሰባት ቀን ሲቀረው አዲሱ ቺፕ ተዘጋጀ። ንጉሡ ራሱ መጣ። ከኋላው ደግሞ ቤቱን ለጎተራ የሚለኩ ሰዎች ገመዳቸውን ይዘው ገቡና በበሩ ጥግ ቆሙ። ጋሽ ቢያድጌ ገመዱን ሲያይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሊቋ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። በሮቹ ተከፈቱ፤ ተዘጉ። መልስ መጣ፦ አሥራ አምስት። እንደገና ጠየቀች፦ አሥራ አምስት። መቶ ጊዜ ጠየቀች፤ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ አሥራ አምስት፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሥራ ስድስት አሉ። እሷን ሊቋ «ይቺ ለጨዋታ ናት» ብላ አለፈቻት።

ከዚያ ትልቁን ጥያቄ አቀረበች። አቶሞቹ ምን ከምን ጋር እንደሚዋሐድ ነገሯት፤ ሠራተኞቹም በዚያው መሠረት መድኃኒቱን ቀመሙት። በሸክላ ዕቃ ውስጥ የበቀለ፣ ዋግ ያቀላው ስንዴ ነበር፤ መድኃኒቱ እሱ ላይ ተረጨ። ንጉሡ ገመድ የያዙትን ሰዎች «ቁጭ በሉ፣ ገና ነው» አላቸው። አምስት ቀን ሁሉም እየተመላለሰ ያንን ዕቃ አየ። በስድስተኛው ቀን ጧት ዝገቱ ቆሞ ነበር፤ ከመሐሉም አዲስ አረንጓዴ ቅጠል፣ አንድ ነጠብጣብ የሌለበት፣ ብቅ ብሎ ተገኘ። ሊቋ ዕቃውን ከነአፈሩ ታቅፋ አለቀሰች። ሠራተኞቹ እልል አሉ። ጎተራ ሊለኩ የመጡት ሰዎች ሳይቀሩ ገመዳቸውን ጥለው ጭፈራው ውስጥ ገቡ፤ ከሁሉም አብልጠው የጨፈሩት እነሱ ነበሩ፤ የገበሬ ልጆች ናቸውና።

ንጉሡ ጋሽ ቢያድጌን ወደ ፊት አስጠራው። «ምን ጨመርክበት?» አለው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ምንም አልጨመርኩም። መክፈቱን ድሮም አውቀው ነበር። ያቃተኝ መዝጋቱ ነው።»

ባለሟሉ አቀርቅሮ ጫማውን አየ። ንጉሡ ቺፑን በመዳፉ ላይ አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ቀና ብሎ «ጎበዝ ነህ፣ ቢያድግልኝ» አለ።

ሰው ሁሉ የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀ። ምክንያቱም በዚያ አገር ምስጋና ብቻውን ሄዶ አያውቅም፤ ከኋላው አንዲት «ግን» ትከተለዋለች። «ጎበዝ ነህ፣ ግን ቀደም ብትል ኖሮ።» «ጎበዝ ነህ፣ ግን እንዳትኮራ።» ጋሽ ቢያድጌ በስልሳ ስምንት ዓመቱ «ግን» ያልተከተለችው ምስጋና ሰምቶ አያውቅም፤ የገዛ አባቱ እንኳ የመጀመሪያ በሩን ያየ ዕለት «ጎበዝ፣ ግን የወንድምህን ያህል አይደለም» ነው ያለው። አሁንም ትከሻውን ሰብስቦ «ግን»ን ጠበቃት። ንጉሡ አፉን ከፈተ። መዳፉ ላይ ያለችውን ቺፕ አየ። አፉን ዘጋ።

ያ ብቻ ነው። «ግን» አልመጣችም። ጋሽ ቢያድጌ ጥቂት ጠብቆ እንደማትመጣ ሲያውቅ ትከሻው ወረደ፤ ልቡ በደስታ ሞላ፤ እየሳቀ አለቀሰ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መልካም ቃል ምንም ሳይንጠለጠልበት ደረሰው።

ወዳጆቼ፣ መክፈትን ሁላችንም እናውቅበታለን። «ይቅርታ» እንላለን፤ ወዲያው «ግን አንቺም አበዛሽው» እንጨምራለን። ለተቸገረ እንሰጣለን፤ መስጠታችንን ስናወራ ሳምንት እንከርማለን። ልጃችንን አንድ ጥሩ ምክር እንመክረውና ምክሩን እስኪረሳ ድረስ መምከር አናቆምም። ቃሉ መልካም ነበር፤ ያበላሸው በሩ ላይ የሾለከው ትርፍ ነው። ቃል ኃይል የሚያገኘው ብርሃን በማብዛት አይደለም፤ የሚባለውን ብሎ፣ በሰዓቱ፣ ሙሉ በሙሉ በመዝጋት ነው። እንግዳችሁን እስከ መንገዱ ጫፍ ሸኙት፤ ይህ የአባቶቻችን ወግ ነው፣ አይቅርባችሁ። ይቅርታችሁን፣ ምስጋናችሁንና ፍቅራችሁን ግን ስትጨርሱ ዝጉት።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ዛሬ «አመሰግናለሁ» ልትሉት ያሰባችሁት ሰው ካለ፣ ከኋላው ምን ልትጨምሩበት ነበር?

እኔም አንድ ነገር ልጨምር ነበር፤ ተውኩት።